ምዕራፍ አምስት፦ የቦጃንግልስ ደረጃዎች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ቲያትር ቤቶች የትም ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበር፦ ጥቁር ተጫዋች ብቻውን መድረክ ላይ አይወጣም። ከወጣም ከሌላ ጥቁር ጋር ተጣምሮ ነው። አንድ ጥቁር ሰው ለብቻው ቆሞ በነጭ የተሞላ አዳራሽ ሲያስቅ፣ ሲያስጨበጭብ፣ ታዳሚውን በእጁ ሲያስገባ መታየት የለበትም ነው ነገሩ። ሁለት ከሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ያሾፍበታል፣ አንዱ ቂል ይሆናል፣ ተመልካቹም ከለመደው ቀልድ ሳይወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የታፕ ዳንሰኛው ቢል ሮቢንሰን ይህን ቀንበር 12 ዓመት ያህል ተሸክሞ ኖሯል። በኋላ ግን አሽቀንጥረው ከጣሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

«ቦጃንግልስ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀውን ይህን ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአንድ የፊልም ትዕይንት ነው። አንድ ሽማግሌ አሽከር አንዲት ጠጉረ ወርቅ ሕፃን እጇን ይዞ በጭፈራ ደረጃ ያስወጣታል። ትዕይንቱ ደስ ይላል። ግን ያ ፊልም ሲቀረጽ ሮቢንሰን 56 ዓመቱ ነበር፤ በእግሩ እንጀራውን መብላት ከጀመረ 50 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። የሰውየውን ችሎታ በዚያ ፊልም የሚለካ ሰው የሚለካው የተረፈውን ነው። የዚህ ምዕራፍ ነገርም ይኸው ነው፦ ሮቢንሰን የመድረክ ሰው ነው፤ ካሜራ የደረሰበት ዘግይቶ ነው፣ ሲደርስም የአሽከር ልብስ ይዞለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሰውየው ከመግባታችን በፊት ስለ ታፕ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ታፕ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማ ጭፈራ ነው። ዳንሰኛው ከጫማው ሶል በታች፣ ከፊትና ከተረከዙ ላይ ብረት ያስመታል፣ ወይም እንደ ድሮው ሶሉን ከእንጨት ያሠራል፤ ከዚያ ወለሉን ይመታዋል። እግሩ ከበሮ መቺ ይሆናል ማለት ነው። ትውልዱ ቅይጥ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች የምት ስልት አለበት፣ የአየርላንድ ፈጣን የእግር ጭፈራ አለበት፣ የሰሜን እንግሊዝ ፋብሪካ ሠራተኞች የእንጨት ጫማ ዳንስም አለበት። በ1739 በሳውዝ ካሮላይና ባሮች ከበሮ እየመቱ ካመፁ በኋላ በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮና ጥሩንባ እንዳይዙ ከለከለ። እጅ የተነጠቀውን እግር ያዘው የሚሉ የዳንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ ለአንድ ሕግ ብቻ የሚሰጥ ባይሆንም አባባሉ መሠረት የለውም አይባልም። በ1840ዎቹ ደግሞ ድሃ አየርላንዳውያንና ነፃ ጥቁሮች ተቀላቅለው በሚኖሩበት በኒውዮርኩ የፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር «ማስተር ጁባ» የተባለው ዊልያም ሄንሪ ሌን የሁለቱን ወገን ጭፈራ በአንድ እግር አዋሕዶ በአትላንቲክ ወዲያና ወዲህ ዝነኛ ሆነ። ሮቢንሰን የዚህ መስመር ልጅ ነው።

የተወለደው ግንቦት 25 ቀን 1878 በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ነው። ያወጡለት ስም ሉተር ነበር፤ አልወደደውም። የወንድሙን ስም «ቢል»ን ለራሱ ወሰደ፣ ወንድሙም ሌላ ስም ፈልጎ ኖረ። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጣ፤ ያሳደጉት ባርነትን በአካል ያዩት አያቱ ናቸው። አያት አጥባቂ ሃይማኖተኛ ነበሩና ጭፈራ በቤታቸው አይወደድም። ልጁ ግን በመንገድ ዳርና በቢራ ቤቶች ደጃፍ እየጨፈረ ሳንቲም መልቀም ከጀመረ ወዲያ የሚመልሰው አልተገኘም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሜይም ሬሚንግተን ከተባለች ነጭ ዘፋኝ ኋላ ቆመው ከሚጨፍሩ ጥቁር ልጆች አንዱ ሆነ። በዘመኑ እንዲህ ያለው የልጆች ቡድን የተለመደ ነበር፦ ሴትየዋ ትዘፍናለች፣ ልጆቹ ጭብጨባውን ያመጡላታል፣ ስሟ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ይጻፋል።

መጋቢት 30 ቀን 1900 በብሩክሊን ቢጁ ቲያትር የሆነው ነገር ስሙን አወጣው። «ኢን ኦልድ ኬንታኪ» የተባለው ትርዒት ኮከብ ሃሪ ስዊንተን በጊዜው አንደኛ ዳንሰኛ ነው ይባል ነበር፤ ትርዒቱም የዳንስ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። እነዚህ ውድድሮች ቀልድ አልነበሩም። እግርን ከሚያየው ዳኛ ሌላ፣ አንድ ዳኛ መድረኩ ሥር ገብቶ ድምፁን ብቻ የሚያዳምጥበት ጊዜ ነበር፤ የተጨማለቀ ምት ከሥር ሆኖ ለሚሰማ አይደበቅም። ሮቢንሰን ገብቶ ስዊንተንን አሸነፈ። ገና 22 ዓመት አልሞላውም።

ከ1902 እስከ 1914 ከጆርጅ ኩፐር ጋር ተጣምሮ ሠራ። ጥንዱ የሚወጣው ከላይ በጠቀስነው ደንብ ነው፤ ኩፐር ቁም ነገረኛው፣ ሮቢንሰን ቂሉ። አንድ ነገር ግን አላደረጉም፦ የተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን አልተቀቡም። ለዛሬ አንባቢ ጥቁር ሰው ፊቱን ጥቁር ይቀባል መባሉ ራሱ ግራ ያጋባል። ሆኖም በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር ተጫዋቾች ከንፈራቸውን አስፍተው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ነጮች ስለ ጥቁር የፈጠሩትን ስዕል ራሳቸው ይጫወቱ ነበር፤ እንጀራው እዚያ ነበርና። ሁለቱ ሲለያዩ ሮቢንሰን በሥራ አስኪያጁ በማርቲ ፎርኪንስ ብርታት ብቻውን መውጣት ጀመረ። ቂልነቱ ቀረ። የቀረው በተስተካከለ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣውን ወደ አንድ ጆሮው ዘንበል አድርጎ የቆመ ሰው ነው። ቮድቪል ይባል በነበረው፣ ዘፋኝ፣ አስማተኛ፣ ቀልደኛና ዳንሰኛ በአንድ ምሽት በሚፈራረቁበት የመድረክ ዓለም ውስጥ ከፍተኛው ማዕረግ የኒውዮርኩ ፓላስ ቲያትር ነበር። ሮቢንሰን እዚያም ደረሰ።

ምን ነበር የሚያደርገው? እስክስታን ስናይ ዓይናችን ትከሻና ደረት ላይ ያርፋል፤ እግር ቦታ ይጠብቃል እንጂ ነገር አይናገርም። ሮቢንሰንን ለማየት ይህን ገልብጦ ማሰብ ነው፦ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነት ጸጥ ብሏል፣ እጆች በዝግታ ይወዛወዛሉ፣ ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ከጉልበት በታች ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ታላላቆች፣ ለምሳሌ ኪንግ ራስተስ ብራውን፣ ሙሉ እግራቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ ታች የሚረግጡ ነበሩ። ሮቢንሰን ተረከዙን አነሣና በእግሩ ጣቶች ሥር ባለው ሥጋ ላይ ቆመ። የታፕ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሁሉ በላይ የሚያመሰግኑት በዚህ ነው፤ ጭፈራው ከመሬት ተነሣ፣ ቀለለ፣ ምቱም ጠራ።

ጫማው ሁልጊዜ የእንጨት ሶል ነበር። እንጨቱ ከጣቶቹ እስከ መሐል እግሩ ድረስ ብቻ ይደርሳል፤ በከፊል ተያይዞ በከፊል የተለቀቀ ስለሆነም ድምፁ እንደ ብረት አይጮኽም፣ ይሞቃል። እርምጃዎቹ ከባድ አልነበሩም። ከሱ ይልቅ ብዙ ዓይነት እርምጃ የሚያውቁ፣ የሚዘሉና የሚገለባበጡ ዳንሰኞች በኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ሞልተው ነበር። የሱ ልዩነት እያንዳንዷ ምት ከቀጣይዋ እኩል መሆኗ ነው። ሐረጉን እንደ ደንቡ ይሠራዋል፦ ስምንት የሙዚቃ ባር ካለ፣ አንድ እርምጃ ስድስቱን ባር ይደጋግማል፤ ጆሯችን እርምጃውን ከለመደ በኋላ በቀሩት ሁለት ባሮች ይሰብረዋል። መደጋገሙ ለመስበሩ ነው። በዚህ ላይ ፊቱ አለ። እግሩ ያደረገውን እሱም አሁን ገና እንደሰማ ዓይኑን አፍጦ ወደ ታች ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ተመልካቹን ያያል። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የት ማየት እንዳለበት የሚነግረው በዚህ ነበር።

አሁን ወደ ደረጃው እንምጣ። ከ1918 ገደማ ጀምሮ የሮቢንሰን መለያ የሆነው በሁለት በኩል የሚወጣ፣ ከቦታ ቦታ የሚጓጓዝ የእንጨት ደረጃ ነው፤ በአንዱ ወገን ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል። ምስጢሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ድምፅ አለው። ዝቅተኛው ደረጃ አንድ ድምፅ፣ የሚቀጥለው ሌላ፣ የላይኛው ሌላ። ስለዚህ ሲወጣና ሲወርድ ምቱ ብቻ ሳይሆን ዜማውም ይለወጣል። ደግሞም ደረጃ ይቅርታ አያውቅም። ሜዳ ላይ እግሩ የተንሸራተተ ዳንሰኛ መንሸራተቱን እርምጃ አስመስሎ ያልፋል፤ ደረጃ ላይ የሚንሸራተትበት ስፍራ የለም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ጠርዙም ያሰናክላል። ሮቢንሰን እዚያ ላይ ቸኩሎ አያውቅም። ሁለት ወጥቶ አንድ ይወርዳል፣ በአንድ እግሩ ታችኛውን ሲነካ በሌላው የላይኛውን ይመልስለታል፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ለአፍታ ዝም ይላል። ኦርኬስትራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲጫወት፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንዲያቆም ይፈልግ ነበር፤ ሙዚቃው እግሩ ነውና።

ሐሳቡን ከየት አመጣው ሲባል ሮቢንሰን ለየሰዉ የተለያየ ታሪክ ይነግር ነበር። አንዴ በሕልሙ የእንግሊዝ ንጉሥ በደረጃ አናት ላይ ቆሞ ማዕረግ ሊሰጠው ሲጠራው እየጨፈረ ወጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በፓላስ ከመድረኩ በታች ወዳጆቹን አይቶ ሊጨብጣቸው በጎን ደረጃው እየጨፈረ ወረደ። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን እሱ ይበልጥ ሳይወደው አይቀርም። ከሱ በፊት ደረጃ ላይ የጨፈሩ እንደነበሩ ግልጽ ነው። ሆኖም የራሱ ንብረት አድርጎ ስለያዘው ሌላ ሰው ሲሠራው ያየ እንደሆነ ይቆጣ ነበር። ቁጣው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ሰውየው ቁማርተኛ፣ ቶሎ ግንፍል የሚል፣ ሽጉጥ የማይለየው ነበር፤ በሌላ በኩል መጠጥና ሲጋራ አይነካም፣ አይስክሬም ግን በሊትር ይበላል። ወደ ኋላ ሩጫም መዝናኛው ነበር። 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል፣ ጀርባውን ሰጥቶ በ13.5 ሰከንድ ሮጧል ተብሎ ሲጠቀስ ይኖራል።

ግንቦት 1928 ሊው ሌስሊ ያዘጋጀው «ብላክበርድስ ኦፍ 1928» የተባለው ትርዒት በኒውዮርኩ የቲያትር መንደር በብሮድዌይ ተከፈተ። ተዋንያኑ ጥቁሮች ናቸው። ሮቢንሰን የሚወጣው በሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ዘፈን፣ አንድ ጭፈራ። በማግስቱ የነጮች ጋዜጦች አዲስ ኮከብ እንዳገኙ ጻፉ። «አዲሱ ኮከብ» በዚያው ወር 50 ዓመቱን ይደፍን ነበር። ሃርለም ውስጥ የሚኖርን ጥቁር ይህ ግኝት ምን ያህል እንዳሳቀው መገመት አያዳግትም። ትርዒቱ 518 ጊዜ ታየ። ሮቢንሰንም በብሮድዌይ ስሙ በትልቁ የሚጻፍ ሰው ሆነ።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣ፣ የድምፅ ፊልም መጣ፣ የቮድቪል ቤተ መንግሥት የነበረው ፓላስ ራሱ በ1932 ወደ ሲኒማ ቤትነት ተለወጠ። ጥቁር ዳንሰኛ የሚሠራበት ትልቅ መድረክ እየጠበበ ሲሄድ የቀረው ሆሊዉድ ነው። ሮቢንሰን በ1930 «ዲክሲያና» በተባለ ፊልም ለአጭር ጊዜ ታየ፤ በ1932 ለጥቁር ተመልካች በተሠራው «ሃርለም ኢዝ ሄቨን» ውስጥ የደረጃውን ጭፈራ ሙሉውን አቀረበ። ይህን ፊልም አንባቢዬ በአእምሮው ይያዝልኝ።

በ1935 «ዘ ሊትል ኮሎኔል» መጣ። ታሪኩ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በኬንታኪ ነው፤ ሮቢንሰን የኮሎኔሉ የቤት አሽከር ነው፣ ሕፃኗ የፊልም ኮከብ ሸርሊ ቴምፕል የኮሎኔሉ የልጅ ልጅ። ሕፃኗ አልተኛም ትላለች፤ አሽከሩ ደረጃ የሚወጣበትን አዲስ ዘዴ ያሳያታል፤ በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። በሆሊዉድ ፊልም ነጭና ጥቁር ተጣምረው ሲጨፍሩ ይህ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ይጠቀሳል። እጅ ለእጅ መያያዛቸው በደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ልጅቷ የስድስት ዓመት ሕፃን፣ ሰውየው አያቷ ሊሆን የሚችል፤ ቆራጮቹን ግን የዕድሜው ልዩነት አላጽናናቸውም። በሥራው በኩል ደግሞ ሮቢንሰን ብልህ አስተማሪ ነበር። የስድስት ዓመት እግር የሱን እርምጃ ሁሉ አይችልም፤ ስለዚህ የደረጃውን ፊት ለፊት በጫማዋ ጫፍ እንድትመታ አስተማራት፤ ድምፁ ይሞላል፣ እርምጃው ቀላል ነው። ትዕይንቱን ደግማችሁ ብታዩት ከባዱን ሁሉ እሱ እንደተሸከመ፣ ጭብጨባውን ግን ለሷ እንዳስረከበ ታያላችሁ።

በአራት ፊልሞች አብረው ሠሩ። «ዘ ሊትለስት ሬበል» በተባለው ሮቢንሰን ጌታውን የሚወድ፣ ነፃነት የማያጓጓው ባሪያ ሆኖ ይጫወታል። አያቱ ባሪያ ለነበሩ ሰው ይህ ምን እንደነበረ እሱ አላወራም። ሌሎች ግን አወሩ፤ ለነጭ ያጎበደደ ማለታቸው ነውና «አጎቴ ቶም» ሲሉት ኖሩ። ወቀሳው ከፊሉ ትክክል ነው፤ እነዚያን ሚናዎች የተቀበለው እሱ ነው። ግን ሌላ ምን ሚና ቀርቦለት ነበር? የጥቁር ተዋንያን ማኅበር የክብር ፕሬዚዳንትም ነበር። በ1933 ደግሞ በትውልድ ከተማው ልጆች በመኪና መሐል መንገድ ሲያቋርጡ አይቶ ደንግጦ የትራፊክ መብራት በገዛ ገንዘቡ አስተከለ። የሪችመንድ ጥቁሮች ሰፈር የከተማው አስተዳደር ያላሰበለትን መብራት ያገኘው ከዳንሰኛ ኪስ ነው።

በ1936 ነጩ የፊልም ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር «ስዊንግ ታይም» በተባለው ፊልም ለቦጃንግልስ መታሰቢያ የሚሆን ጭፈራ አቀረበ። አስቴር ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ነበር፤ ሮቢንሰን ብቻውን መድረክ ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን ያላደረገውን ነገር ማለት ነው። በዚያ ላይ ጭፈራው ከሮቢንሰን ይልቅ ተረከዝን በመጠቀም የታወቀውን ጆን ባብልስን ይመስላል። ክብሩ ከልብ ሊሆን ይችላል፣ አድራሻው ግን ተሳስቷል።

ሆሊዉድ ሙሉ ፊልም የሰጠው በ1943 ብቻ ነው። «ስቶርሚ ዌዘር» ተዋንያኑ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት፣ ታሪኩም ከሱ ሕይወት ላላ ባለ መልኩ የተቀዳ ነው። 65 ዓመቱ ነበር፤ ፍቅረኛው ሆና የምትጫወተው ሊና ሆርን ከ26 አልበለጠችም። በአንዱ ትዕይንት ሮቢንሰን ከከበሮ ወደ ከበሮ እየዘለለ፣ ከበሮውን በእግሩ እየመታ ይጨፍራል። የ1740ውን ሕግ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ፊልሙን የወሰዱት ግን የኒኮላስ ወንድማማቾች ናቸው፦ ፋያርድና ሃሮልድ ከትልቅ ደረጃ አናት ተራ በተራ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ፣ በተዘረጋ እግር እያረፈ ይወርዳሉ። ደረጃው በሮቢንሰን ፊልም ውስጥ ለልጆቹ ተላለፈ። ሁለቱ ወጣቶች የሠሩትን እሱ በጉብዝናው ዘመንም አይሠራውም ነበር። እነሱም ቢሆኑ በአንድ የእንጨት ደረጃ ላይ በዝግታ ተራምዶ አዳራሽን ጸጥ ማሰኘትን አልሞከሩትም።

ሮቢንሰን በዘመኑ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ጥቁር አርቲስቶች አንዱ ነበር፤ በዕድሜው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ይገመታል። ቁማሩና ቸርነቱ ተባብረው አንድ ሳንቲም አላስቀሩለትም። ሕዳር 25 ቀን 1949 በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም ሲሞት የቀብሩን ነገር ወዳጁ የቴሌቪዥን አቅራቢው ኤድ ሰለቫን አንቀሳቀሰው። አስከሬኑ በሃርለም በሚገኘው የ369ኛው ሬጅመንት አዳራሽ ሲቀመጥ 32 ሺህ ያህል ሰው አልፎ አየው፤ የሃርለም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የስንብት ንግግሩን ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል ትንሹ ያደረጉት በአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። አዎ፣ የኛው አቢሲንያ ናት። በኒውዮርክ ጥቁሮች ለብቻ ተለይተው እንዲቀመጡ ሲገደዱ አሻፈረኝ ያሉ ምእመናን በ1808 ያቋቋሟት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በትውፊቷ መሥራቾቿ መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይነገራል።

በ1973 ሪችመንድ ሐውልት አቆመችለት፤ ቦታው የትራፊክ መብራቱን ያስተከለበት መገናኛ አጠገብ ነው፣ የቆመውም ደረጃ እየወረደ በሚጨፍር መልክ ነው። በ1989 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የልደቱን ቀን ግንቦት 25ን ብሔራዊ የታፕ ዳንስ ቀን አደረገው።

አሁን ያስያዝኳችሁን ፊልም አንሡ። «ዘ ሊትል ኮሎኔል»ን በኋላም ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ የ1932ቱን «ሃርለም ኢዝ ሄቨን» የደረጃ ጭፈራ ፈልጉ፤ በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። ሕፃን የለችም፣ አሽከር የለም፣ አንድ ሰው ብቻውን ከአንድ ደረጃ ጋር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱት ምስሉን አትዩ፣ ድምፁን ብቻ ስሙና ስንት ደረጃ እንደወጣ ቁጠሩ። ከዚያ ደግማችሁ ክፈቱና ቁጥራችሁን አረጋግጡ።